የሰማታር መኪና በስንዝር

ድሬሰር ቢረሳው ነገሌ ቦረና የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው። ለአንድ ዓመት ተብሎ የተላከ ሰው አሥር ዓመት ቆየ። ሚስት አላገባም፤ ጠጅ አይቀምስም፤ ካርታ አይጫወትም። ከጤና ጣቢያው ሲወጣ በቀጥታ ወደ ተከራያት ክፍል ይገባና ስንዝር የምታህል የጭነት መኪና ይሠራል።

አከራዩ ወይዘሮ ትርንጎ፣ "ልጅ ሳይወልድ መጫወቻ ሲያዘጋጅ ያየሁት እሱን ብቻ ነው" ይሉ ነበር። ቢረሳው መጫወቻ የሚለውን ቃል አይወደውም። ለመጫወቻማ አራት ክብ ነገር የተበጀለት ጣሳ ይበቃል። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ዳር የቆሙትን መኪኖች በልብስ ሰፊ ሜትር እየለካ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ከዚያ አንዱን ሜትር ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል። ጋቢናውን የሚቆርጠው ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ነው። ጎማው የፔኒሲሊን ብልቃጥ ክዳን፣ የፊት መስተዋቱ በበረኪና ታጥቦ ምስሉ የለቀቀ የራጅ ፊልም፣ የጭስ ማውጫው ዶልዱሞ የተጣለ መርፌ። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁበት። የራሳቸውን መኪና ከነጭረቱ፣ ከነዝገቱ መዳፋቸው ላይ ሲያስቀምጥላቸው ግን ሳቁን ተዉት።

ከሁሉም አጥብቆ የደከመባት የሰማታር ኤንትሬ ነበረች። ሰማታር ከዶሎ ኦዶ ነገሌ ጨውና ስኳር የሚያመላልስ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ነጋዴ ነው፤ መኪናዋን የሚነዳውም ራሱ ነው። ኤንትሬዋ ሰማያዊ ጋቢና ያላት አሮጌ የፊያት የጭነት መኪና ናት። አንድ ጊዜ ፊልቱ ከተማ አጠገብ ግመል ገጭቶ የግራው ጎማ ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎው፣ ሲቀደድ፣ ከበርሜል በተቆረጠ ላሜራ ጠግኗታል። ጥገናው በሰባት ሪቬት የተያዘ ነው፤ ስድስቱ የብረት፣ ሰባተኛው የናስ። ቢረሳው የስፒል ጭንቅላት እየቆረጠ ሰባቱንም ሠራቸው፤ ለሰባተኛው የናስ ስፒል ፍለጋ ሁለት ወር ፈጀበት።

ሰማታር አይቶ፣ "ወላሂ ዶክተር፣ የቀረህ ግመሉ ብቻ ነው!" አለው።

በ1977 ድርቁ ሲጠና በከተማው የእህል ማጓጓዣ ኮሚቴ ተቋቋመ። የኮሚቴው ኃላፊ ጓድ አሸቱ የሚባል ሰው ነው። የግል መኪኖች ለሦስት ወር እህል እንዲያመላልሱ ታዘዘ፤ ሰማታርም ቁልፉንና ሊብሬውን አስረክቦ ደረሰኝ ተቀበለ። በሳምንቱ ደረሰኙን ማኅተም ይደረግበት ብለው ወሰዱት። አልመለሱለትም። ሦስቱ ወር ስድስት ሆነ። በዘጠነኛው ወር መኪናዋ ተገልብጣ ከጥቅም ውጭ ሆናለች አሉት።

"እንግዲያው ሬሳዋን አሳዩኝ" አላቸው።

"የወደቀችበት ቦታ አይታወቅም።"

ሰማታር ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ መሱዳ የቀራቸውን ስኳር በብርጭቆ እየሰፈረች መቸርቸር ጀመረች።

አንድ ማክሰኞ ቢረሳው የኮሚቴውን ጫኝና አውራጆች ሊከትብ ወደ ግቢው ገባ። በአጥሩ ጥግ የመንግሥት ታርጋ የተለጠፈባት አረንጓዴ ኤንትሬ ቆማለች። ሲሪንጁን እንደያዘ ወደ ግራው ፓራፋንጎ ተጠጋ፤ ቀለሙን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ሰባተኛው ሪቬት ቢጫ ሆኖ ታየ። የሚከተበው ሰው እጅጌውን እንደጠቀለለ፣ "ዶክተር፣ እኔን ነው ወይስ መኪናዋን ነው የምትወጋው?" አለው።

ለሰማታር ነገረው። ከዚያን ቀን በኋላ ምነው ባልነገርኩት ያላለበት ቀን የለም።

"አካም ዶክተር፣ ናጋ?" ብሎ በማግስቱ በጠዋት ሰማታር መጣ፤ ፊቱ በርቷል። "አንተ ቤት ያለችውን ይዘን እንሂድ። ሊብሬው ቢጠፋ እሷ አለች። የሰው ምስክር ይዋሻል፤ ይቺ ምን ብላ ትዋሻለች?"

"ጋሽ ሰማታር፣ ቆርቆሮ እኮ ናት። ይስቁብናል።"

"ይሳቁ። የሳቀ ሰው ልቡ ይከፈታል።"

ቢረሳው መኪናዋን በጥጥ ጠቅልሎ በግሉኮስ ካርቶን ያዘ። የመኪኖቹን ልክ የጻፈበትን ደብተርም ጨመረ፤ ቀኑ ተጽፎበታልና።

ጓድ አሸቱ ክፉ ፊት አላሳያቸውም። መኪናዋን በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረ፤ በሯን ከፈተ፣ ዘጋ። ከዚያ ራሱ አስከትሏቸው ወጣና በትልቋ መኪና ፓራውልት፣ በፊት መከላከያው ብረት ላይ አስቀመጣት። አንዴ ትልቋን፣ አንዴ ትንሿን እያየ በጣቱ ሪቬቶቹን ቆጠረ። ሰባት። ሰባት።

"ይገርማል! እሷው እኮ ናት!" አለ። ሰማታር የቢረሳውን ክንድ ጨበጠ።

"አዎ ጓድ፣ እሷው ናት" አለ ቢረሳው።

"እንግዲህ የእኛን መኪና አይተህ ነው የሠራሃት።"

"የእናንተማ አረንጓዴ ናት። ይቺ ሰማያዊ ናት።"

"ሰማያዊ የቀባት ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታርጋዋን የጻፈው ማን ነው?"

"እኔ።"

"በቃ! አረንጓዴ ብትቀባት አረንጓዴ ትሆን ነበር።"

ቢረሳው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ግን አንዱም አልጠቀመውም። ያኔ ነው ደብተሩን ያወጣው። "ቀኑን ይመልከቱ፤ የለካኋት በሰባ አራት ነው። ኮሚቴው ገና አልተቋቋመም።"

አሸቱ ቀኑን አየ። ከዚያ ገጹን ገለጠ፤ ሌላም ገለጠ። የገበያው መኪኖች አንድ በአንድ፣ ርዝመትና ስፋታቸው፣ ታርጋቸው፣ የቆሙበት ሰዓት ተጽፏል። አንዱ ገጽ ላይ ጣቱ ቆመ።

"ይሄ የሠራዊቱ መኪና ነው።"

"ውሃ ሊቀዱ ቆመው ነው…"

"ለክተኸዋል?"

"ቁመቱን ብቻ። ጎማውንም።"

"ማን ለካ ብሎህ?"

ቢረሳውን ማንም አላዘዘውም። ስለምወደው ነው ማለት ፈለገ፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ግን የሚረዳው ሰው አልነበረም። አሸቱ ደብተሩን ከድኖ በብብቱ ያዘው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ይሄ ከእኔ በላይ ነው ጓድ ቢረሳው። የሚመለከተው ክፍል ይየው" አለ።

ሰማታር የቢረሳውን ክንድ ለቀቀ። ወደ አረንጓዴዋ መኪና ሄደ፣ በዙሪያዋ ቀስ ብሎ ዞረ፣ የጭነት ሳጥኗን፣ ካሶኒዋን፣ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ተመልሶ መጣ።

"ጓድ፣ ተሳስቼ ነው" አለ። "የእኔ ይቺ አይደለችም።"

"ምን አልክ?"

"የእኔ አጠር ትላለች። ዓይኔም ደክሟል። ይሄ ዶክተር ደግሞ ሚስት የሌለው ሰው ነው፤ ሥራ ሲፈታ ነው የሚለካው። እኔ ነኝ በግድ ያመጣሁት።"

ቢረሳው፣ "ጋሽ ሰማታር፣ ኧረ…" ሲል፣ "ዝም በል አንተ!" ብሎ ቆጣው።

አሸቱ ሁለቱን ተራ በተራ ተመለከተ። ወረቀት አስመጣ። ሰማታር በግቢው ያለችው መኪና የእሱ አለመሆኗን አምኖ ፈረመ። ደብተሩ እዚያው ቀረ፤ የትም እንደማይላክ ግን አሸቱ በቃሉ ተናገረ። ሊወጡ ሲሉ ካርቶኑን ለቢረሳው መለሰለት።

"ይቺን አረንጓዴ ቀባት፤ ታርጋዋንም የእኛን ጻፍባት። ለአብዮት በዓል ጠረጴዛዬ ላይ አቆማታለሁ። እጅህ ወርቅ ነው እኮ!"

ቢረሳው ሆን ብሎ አበላሽቶ ሊቀባት ሞከረ። ቀለሙን አዝረክርኮ ቀባ፤ መልሶ ፋቀው። ታርጋውን አጣምሞ ጻፈ፤ መልሶ አቀናው። እጁ እንቢ አለው። በአራተኛው ቀን ሰማታር መጥቶ አጎንብሶ ካያት በኋላ፣ "ፓራውልቷን ነጭ ቀብተዋታል፤ አላየህም? እንዲህ ብትወስዳት ሆን ብለህ ነው ይሉሃል" አለው። የፍየል ፀጉር ብሩሹን ተቀብሎም ነጩን ራሱ ቀባ። መስመሩ እንዳይወላገድ ቢረሳው ክርኑን ያዘለት።

ከበዓሉ በኋላ ቢረሳው ሌላ መኪና አልጀመረም። መቀሱና ቆርቆሮው አልጋው ሥር ሆነ። ወይዘሮ ትርንጎ፣ "ምነው ዝም አልክ? ያ ጥቅጥቅታ እንኳ ቤቱን ሰው ያለበት ያስመስለው ነበር" አሉት። ዘመዴ ታሞ ነው ብሎ አለፋቸው።

በኅዳር ሰማታር ጤና ጣቢያ መጣ። አልታመመም። ኮሚቴው ለአረንጓዴዋ መኪና መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር ፈልጎ እሱን ቀጥሮታል፤ የጤና ምስክር ወረቀት አምጣ ተብሏል። ቢረሳው የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ፊት አቆመው። በልቡ አንዱን ረድፍ እንኳ እንዲስት ተመኘ። ሰማታር እስከ መጨረሻው ትንሽ ረድፍ ድረስ አነበበ።

"ዓይኔ ደክሟል ብለው ነበር እኮ።"

"ያን ቀን ደክሞ ነበር።"

ቢረሳው ቅጹን መሙላት ጀመረ። ስም፣ ዕድሜ፣ የደም ግፊት። የተሽከርካሪው ባለቤት የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ።

"ምነው? ቀለም አለቀ?" አለ ሰማታር።

"ጋሽ ሰማታር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ጻፍ ዶክተር። በሦስት ሰዓት ነው የምንነሳው። መሱዳ በደሞዜ የምገዛላትን አንድ ኩንታል ስኳር እየጠበቀች ነው።"

ቢረሳው የእህል ማጓጓዣ ኮሚቴ ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ፤ ማኅተሙን መታ። ሰማታር ቀለሙ እንዳይበላሽ ወረቀቱን አንስቶ እፍ፣ እፍ አለበት፤ ከዚያ አራት ቦታ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና ወጣ። ውጭ በወረፋ የቆመችው እናት ልጇን አቅፋ ገባች።