የወዲህ ማዶ ንግሥ

በበዓልና በሽርሽር ጉዳይ ውስጥ እንድገባ ያደረገኝ ሁኔታ የሚከተለው ነው። በዞኑ የዕቅድ ክፍል ለረጅም ዘመን ካገለገልሁ በኋላ በሰኔ መጨረሻ ጡረታ ወጣሁ። በዚያው ክረምት ልጄ ከባሏ ተለያይታ፣ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ይዛ፣ ፍኖተ ሰላም ወደሚገኘው ቤታችን ተመለሰች። ቡሬ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ስለሆነች የሥራ ቀናቱን እዚያው በተከራየችው ክፍል ታሳልፋለች፤ ዓርብ ማታ ትመጣለች፣ እሑድ ከሰዓት ትመለሳለች። ልጆቹ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ይውላሉ። አዲሱ ዓመት ገና እንደገባ፣ ራት ላይ፣ ወደ ባሕር ዳር ለመዛወር ልታመለክት ማሰቧን ነገረችን።

ምክንያቷን ጠየቅኋት። ነገሯ አጭር ነበር።

«እሑድ እሑድ ልጆቼ የሚያዩት ግድግዳና ስልክ ነው። እዚያ ሐይቅ አለ፣ ጀልባ አለ፣ መናፈሻ አለ። እዚህ ምን አለ፣ አባየ?»

ብዙ ነገር አለ አልኋት። አንዱን ይጥቀሱልኝ ስትለኝ ግን አፌ ላይ የመጣ አልነበረም። ይህን አካባቢ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ ማዳበሪያው ዕቅድ ሳወጣለት የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ሕፃናት በእሑድ ቀን የት ይሂዱ የሚል ጥያቄ በጠረጴዛዬ ላይ አልፎ አያውቅም። የመምህራን ዝውውር ምዝገባ በዓመት አንድ ጊዜ በነሐሴ መሆኑን፣ የዚህኛው ዓመት ምዝገባም ማለፉን አስታወስኋት፤ እስከሚመጣው ነሐሴ እንዳትወስንም ለመንሁ።

«ዕቅድ ሊያወጡልን ነው?» ብላ ሳቀች።

ባለቤቴ ለጎረቤቶቿ ነገሩን በራሷ አነጋገር አድርሳዋለች። «እሳቸው ከሥራ ወጡ እንጂ ሥራ ከሳቸው አልወጣም» ማለቷን ከሦስተኛ ሰው ሰምቻለሁ።

በማግሥቱ ፍለጋውን ጀመርሁ። በአካባቢያችን የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል፤ ሁሉን አንድ ላይ የሚያውቅ ግን የለም። ካህኑ የደብሩን ንግሥ ያውቃል፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ስብሰባውን ያውቃል፤ ወጣቱ የእግር ኳሱን ግጥሚያ ያውቃል፤ የዕድሩ ጥሩምባ የሚነግረን ሞትን ብቻ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የሚነገረውን ማስታወቂያ ቆሜ ማዳመጥ፣ በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡትን መንገድ ላይ እያስቆምሁ መጠየቅ ሥራዬ ሆነ። አንዱ ባለ ጤፍ የሰፈራቸውን ንግሥ ቀን ስጠይቀው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ጌታው፣ ሊደግሱ ነው ወይስ ሊበሉ?» አለኝ። ደምበጫ አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ያዘጋጃል ብለውኝ በሚኒባስ ሄድሁ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ በአክብሮት ተቀብሎ ትናንት እንደነበር ነገረኝ። ይህች «ትናንት ነበር» የምትባል መልስ በዚያ ዓመት ስንት ቦታ እንደጠበቀችኝ አሁን ላስታውስ አልችልም።

መቀመጥ አልቻልሁም። አንዱን በዓል ይዤ ሳልጨርስ ልቤ ሌላው ዘንድ ይሄዳል። ዓመቱን በለመድሁት መንገድ በአራት ሩብ ከፈልሁት፤ መንገዱ አንዳንድ ሳምንት ይዘጋ ስለነበር ለእያንዳንዱ ተለዋጭ አዘጋጀሁ። የመስቀል ዕለት ፊት ለፊት እንዲያዩ ብዬ ልጆቹን እጅግ ቀድሜ አደባባይ አወጣኋቸው። ደመራው ሲለኮስ ታናሿ በባለቤቴ ጭን ላይ ተኝታ ነበር። በጥር ጊዮርጊስ ከቡሬ ወዲያ በአገው ምድር የፈረሰኞች ትርዒት አለ ብዬ ይዣቸው ሄድሁ። መኪናው በመንገድ ዘገየና የፈረሶቹን ኋላና አቧራቸውን አየን። ታላቋ ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ሰው አታስቀይምም። «አቧራው ጥሩ ነበር፣ አባባ» አለችኝ።

ትልቁን ተስፋ የጣልሁት በጢስ ዓባይ ላይ ነበር። ለመንገዱ ደረቅነት ብዬ የትምህርት እረፍቱን፣ የጥርን መጨረሻ መረጥሁ። ጢስ ዓባይ ለመድረስ ባሕር ዳር ማደር ግድ መሆኑን ዐውቅ ነበር፤ ትርጉሙን ግን አላሰብሁትም። ልጆቹ ሐይቁን አዩ። ጀልባ ተሳፈሩ። መናፈሻው ውስጥ እስኪመሽ ሮጡ። በነጋታው ፏፏቴው ፊት አቆምኋቸው፤ በበጋ ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ከገደሉ ላይ የሚወርደው ቀጭን ነገር ነበር።

ታናሿ ግራ ቀኝ አየችና «አባባ፣ ፏፏቴው የት ነው?» አለችኝ።

ስንመለስ ለማካካስ መርዓዊ ላይ ወርደን የቆጋን ግድብ አሳየኋቸው። ውሃው በየትኛው ቦይ ገብቶ ለማን ስንዴ፣ ለማን ሽንኩርት እንደሚደርስ፣ ገበሬዎቹ በማኅበር ተራ እንዴት እንደሚይዙ በሚገባ አስረዳሁ። ልጆቹ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ስለ ጀልባ ሲያወሩ መጡ። ልጄ ከቤት ስንገባ የተናገረችው ከብዙ ጊዜ በኋላም አልለቀቀኝም።

«አባየ፣ እርስዎ ሽርሽር አይወስዱንም። ያስጎበኙናል። እንደመጣ እንግዳ ነው የያዙን፤ ቆመን አይተን፣ ሰምተን፣ እንሄዳለን።»

ከዚያ በኋላ እሷ ስለ ዝውውሩ ደግማ አላነሣችም። የቀሩትን በዓላት አላቋረጥሁም፤ ትንሣኤም አለፈ፣ ሰኔም ገባ፣ ችግኝ የሚተከልበት ቀንም በዝናብ ምክንያት ተሰረዘ። ነሐሴ መጣ። ምዝገባው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ ዕቅዴ ላይ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ የነሐሴ ተክለ ሃይማኖት፣ ከከተማችን ወጣ ብሎ ከወንዝ ማዶ ባለች ደብር።

ስለዚያች ደብር የጠየቅኋቸው ሁሉ ንግሡ እጅግ ያማረ መሆኑን፣ ነገር ግን በዚያ ወር ወንዙ ሰው እንደማያሳልፍ ነግረውኛል። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ጎራ ብዬ አጣራሁ። በወንበሬ የተቀመጠው ወጣት ባለሙያ በደስታ ተቀበለኝ፤ ለዚያ ወንዝ የታቀደው የእግረኛ ድልድይ በተዘጋው በጀት ዓመት ተጠናቋል፣ ሪፖርቱም ለዞን ደርሷል አለኝ። ሪፖርት ላይ ተጠናቀቀ የተባለን ሥራ ሄዶ ሳያዩ ማመን የእኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ልማድ ነው። አመንሁ።

ጠጠር መንገዱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ ሄድን፤ ከዚያ በጭቃው ላይ በእግር። ልጄ ታናሿን አዝላ ትከተለኝ ነበር። ባለቤቴ ጉልበቷን አሟት ቤት ቀርታለች። ወንዙ ዳር ስንደርስ ደብሯ ከማዶ በጽድ ተከብባ ትታያለች፤ ነጭ የለበሰ ሰው ግቢዋን ሞልቶታል። በእኛና በሷ መካከል ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ እያገላበጠ ይወርዳል። በወዲህ ዳር አንድ የሲሚንቶ ምሰሶ ቆሟል። በወዲያ ዳር አንድ የሲሚንቶ ምሰሶ ቆሟል። በሁለቱ መካከል ምንም የለም።

ልጄ ምሰሶውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲመለከቱን ቆይተው «ተሻገሩ እንጂ፣ ጌታው» አሉኝ። ድልድዩ የት እንዳለ ጠየቅኋቸው።

«ድልድዩማ ተሻግሯል» አሉ። «የቀረነው እኛ ነን።»

በዙሪያቸው ያለው ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወደ ላይ ሄደን ሌላ መሻገሪያ እንፈልግ ብዬ ልጆቹን ማስነሣት ጀመርሁ፤ ካልሆነም በፍጥነት ተመልሰን ከሰዓት ከተማ ውስጥ የሚደረገውን የእግር ኳስ ግጥሚያ ልናገኝ እንችል ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ተቀመጡ። ውሃ ሲሞላ ሰው ይቀመጣል።»

ልብ ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እዚያ የተሰበሰበው ሰው ሊሻገር የመጣ አልነበረም። ከበሮ ይዘዋል፤ በቅጠል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ፣ በቅል ጠላ፣ ጥላ ይዘዋል። እንደነገሩኝ ከሆነ የደብሯ ምእመን ግማሹ ከወንዙ ወዲህ ነው የሚኖረው። ነሐሴ ሲመጣ ውሃው ይለያቸዋል። ስለዚህ ከአባቶቻቸው ጀምሮ የወዲህ ማዶ ሰዎች ንግሡን የሚያከብሩት ከዚህች ዋርካ ሥር ነው፤ ታቦቱ ከማዶ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር እነሱ በዚህ ዋርካዋን ይዞራሉ። እዚያ ሲቆም እዚህ ይቆማል።

ቀድሞ አንዱ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይመለከትላቸው ነበር። አሁን ምሰሶው ስላለ በእሱ ላይ ይወጣሉ። አንድ ጎልማሳ ወጣበትና እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ቆየ። «ወጣ» አለ በመጨረሻ፤ ከማዶ ባለ ወርቀ ዘቦ ጥላዎች ሲወዛወዙ ለእኛም ታዩን። ከበሮው ተመታ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ መዞር ጀመረ። ጎልማሳው ከምሰሶው ላይ «ምዕራብ ደረሰ» ሲል ሁሉም በዋርካዋ ምዕራብ ቆመው ይዘምራሉ። «ተነሣ» ሲል ይቀጥላሉ።

ልጄ ዳር ቆማ ታይ ነበር። አንዲት ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት ዳቦውን ከቅጠሉ እየፈታች ቀና አለችና «አንች፣ ነይ ወዲህ፣ እጅሽ ባዶ ነው» አለቻት። ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች አልጠየቀቻትም። ቢላዋ ሰጠቻትና ቁረጭ አለቻት። ሲቆረጥም «ቀጭን አድርጊው እንጂ፣ የሠርግ ነው እንዴ» ብላ ተቆጣቻት። ልጄ እየሳቀች አሳነሰችው። ካፊያ ሲጀምር ለታላቋ ጥላ አስያዟት፤ ከበሮ መቺው በሄደበት እየተከተለች ከበሮው እንዳይርስ ትከላከል ጀመር። ታናሿ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተያይዛ ገብታለች፤ ሦስት ዙር ነው የሚባለው፣ እሷ ግን ስንት እንደዞረች የሚያውቅ የለም።

ሥራ ያልተሰጠኝ እኔ ብቻ ነበርሁ። ሽማግሌው አዩኝ። ጫማቸውን አውልቀው ከምሰሶው ሥር አኖሩና «እርስዎ ጫማ ይጠብቁልን፤ ውሻ ይወስዳል» አሉኝ። ሌሎቹም ያወለቁትን እያመጡ ፊቴ ጣሉት፤ ላስቲክ ጫማ፣ ኮንጎ፣ ከላይ የተበጠሰ ቦቲ። በክምር መተው አልሆነልኝም። ጥንድ ጥንዱን እያገናኘሁ፣ ትልቁን ከትልቅ ትንሹን ከትንሽ፣ ጭቃው በማይደርስበት ድንጋይ ላይ ደረደርሁት። ልጄ ከዳቦው ቀና ስትል አየችኝ። ከባሏ ተለይታ ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየሁም፤ ቢላዋውን አስቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አልተቀየምሁም። ሰልፉ ያማረ ነበር፤ ሰዎቹም ሲመለሱ ሳይጋፉ ነው ጫማቸውን ያገኙት።

ወደ ቤት ስንመለስ ታናሿ በእናቷ ጀርባ ላይ ተኝታ ነበር። ልጄ ድልድዩ ለሚመጣው ዓመት ይሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ሪፖርቱ ተጠናቋል ስለሚል በጀት አይያዝለትም» አልኋት።

«እሰይ» አለች።

ይህን ሰው እንዳይሰማሽ አልኋት፤ ወላድና በሽተኛ የሚያሻግር ድልድይ ነው። ልክ ነዎት አለች፤ ለክረምት ብቻ ነው ያልሁት አለች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ምዝገባው ሳይዘጋ ቡሬ ሄዳ አመልክታ ተመለሰች። የትኛውን ቦታ እንደጠየቀች አልነገረችኝም። በዝውውር ኮሚቴው ውስጥ የማውቃቸው ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ስልክ ብደውል ባገኘሁት ነበር። በአገልግሎት ዘመኔ ለራሴ ጉዳይ የሰው በር አንኳኩቼ አላውቅምና ያን ጊዜም አልደወልሁም። ያደረግሁት ከዕንቁጣጣሽ ጀምሮ በየማለዳው የዝውውሩ ውጤት በሚለጠፍበት ማስታወቂያ ሰሌዳ በኩል አድርጎ መመለስ ነው። ባለቤቴ የት እንደምሄድ ብትጠይቀኝ እግሬን ላፍታታ ነው እላለሁ። እሷም በዚያ ሰሌዳ በኩል እግራቸው የተፍታታላቸው ሰዎች መብዛታቸውን እንደሰማች ትነግረኛለች። ሰሌዳው ላይ ለብዙ ቀን የቆየው የበሬ መጥፋት ማስታወቂያ ነበር።

በመጨረሻ ዝርዝሩ ተለጠፈ። መነጽሬን አውጥቼ በስም ተራ ወረድሁ። ከልጄ ስም አንጻር የነበረበት ቦታ ቡሬ፣ የተጠየቀው ቦታ ፍኖተ ሰላም፣ የኮሚቴው ውሳኔ ተፈቅዷል ይላል። ከሥሩ ማኅተም አለው፤ ቀኑም መስከረም ሃያ ስምንት ነው።