ዘጠኝ ላይ ሦስት የሚመታው ሰዓት

የሰዓት ጥገና ማንም አላስተማረኝም። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ ለመኩራራት ነው። ከሄግ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የተሰባበሩ ሰዓቶች እየገዛሁ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛችን ላይ እየፈታሁ፣ ግማሾቹን መልሼ እየገጠምኩ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ሮተርዳም ያሉ ወዳጆቼ «ሊቀ ሰዓት» ይሉኛል። እያሾፉብኝ እንደሆነ የገባኝ በቅርቡ ነው።

ስሎተርቫርት በሚባለው ሰፈራችን፣ ከበራችን ፊት ለፊት የሚኖሩት ሆላንዳዊት ባልቴት አምስተልቨን ወደሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ሊገቡ ሲሉ አስጠሩኝ። ከእሳት ማንደጃቸው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ የድሮ የፈረንሳይ ሰዓት ተቀምጧል፤ ነሐስ ሆኖ ወርቅ የተለበጠ። አንዲት ሴት ክንዷን ሰዓቱ ላይ አስደግፋ ትተክዛለች፤ ከወገቧ በላይ ልብስ የላትም። ባለቤታቸው በየእሁዱ ይሞሉት ነበር። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ቆሟል።

«ዓይኔ መርፌውን አያይልኝም» አሉኝ። «ጊዜን የማውቀው ደወሉን ቆጥሬ ነው። እዚያ ሌላ ዕቃ ባይኖረኝም ይህ ይበቃኛል። ይችሉታል፣ ሜኔር?» በሆላንድኛ «ጌታዬ» ማለታቸው ነው።

«እኔ?» አልኩ፣ እንደተሰደበ ሰው።

ቤቴ ወስጄ ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ ዘይት ቀባሁት፣ ገጠምኩት። አንድም ብሎን አልተረፈኝም፤ ይህ ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። የእነዚህ ሰዓቶች ጠባይ እንዲህ ነው፦ መርፌውና ደወሉ አይተዋወቁም። ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚወስነው ከኋላ ያለ ሌላ ባለ ጥርስ መዘውር ነው፤ ሁለቱን የሚያስማማቸው ባለሙያው ነው። ባለሙያው እኔ ነኝ። ጠዋት ነበርና የግድግዳውን ሰዓት አይቼ መርፌውን ዘጠኝ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ደወሉን ሦስት ጊዜ እስኪመታ ድረስ አስኬድኩት። ሦስት ሰዓት ነበራ!

ዐሥር ቀን ቴሌቪዥናችን አጠገብ ሠራ። ቄሳችን ሲመጡ የነሐሷን ሴትዮ በነጠላ ሸፈንኳት። ባለቤቴ በየጠዋቱ ደወሉን ቆጥራ «አንተ፣ ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ ኪኒንህን ዋጥ» ትለኛለች። ዋጥኩ። እንዲህ ያለ ታማኝ ሰዓት አይቼ አላውቅም።

ባልቴቷ መኖሪያው ገብተው፣ ሰዓቱን ካደረስኩላቸው በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ደወለች። ጆሮዬ ስለደከመ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ነው የማነሳው።

«እናቴ ጠዋት ከአልጋዬ አልነሳም፣ ገና ሌሊት ነው ትላለች» አለችኝ። «ነርሶቹ አእምሮዋ ደክሟል ብለው በሐኪም ሊያስመረምሯት ነው።»

«አዝናለሁ። ከሰዓቱ ጋር ምን አገናኘው?»

«መርፌው ዘጠኝ ላይ ሲደርስ የሚመታው ሦስት ጊዜ ነው!»

«ታዲያ ልክ ነዋ!» አልኳት።

 ነገ ካልተስተካከለ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እንደምትሸጠው ነግራኝ ስልኩን ዘጋችው። ባለቤቴ የወጥ ቤቱን በር ይዛ በሳቅ ትንፈራፈራለች።

«አንተ ሰውዬ፣ የፈረንሳዩን ሰዓት ሐበሻ አደረግኸው!»

 ዐሥር ቀን ሙሉ ሁለታችንም ሰምተነዋል፤ አንዳችንም አልነቃን። እኔ አርባ ዓመት እዚህ አገር የኖርኩ ሰው፣ ዓይኔ ሆላንድኛ አንብቦ ጆሮዬ አሁንም አዲስ አበባ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አምስተልቨን ሄድኩ። ልጅቷና አንዲት ነርስ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። እኛ አገር ሰዓት የሚቆጠረው ከፀሐይ መውጣት ነው፣ የእናንተ ሰባት የእኛ አንድ ነው ብዬ አስረዳሁ። ነርሷ እኔንም እንደ ታማሚ ማየት ጀመረች። ከሰዓቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ዘንግ እያነሳሁ ደወሉን ከሦስት ወደ አራት፣ ወደ አምስት፣ እስከ ዘጠኝ አስቆጠርኩት። ከዚያ በእነሱ አቆጣጠር ዐሥር ሰዓት እስኪሞላ ሁላችንም ተቀምጠን ጠበቅን። 

ደወለ። ባልቴቷ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ቆጠሩ። ዐሥር። ወደ ነርሷ ዞሩ።

«ሰማሽ? አእምሮው የሳተው እኔ አይደለሁም» አሉና ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «እሱ ነው!»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። በሕይወቴ ስሕተቴን ያመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ምስክር ስለተገኘ ነው።

ለሮተርዳም ወዳጆቼ ግን የነገርኳቸው በአጭሩ ነው፦ አንዱን ሰዓት ሁለት ጊዜ ጠገንኩት፤ ተምሬያለሁ የሚል ሁሉ አንዴ ብቻ ነው የሚጠግነው።