ሦስት ጊዜ የነቀነቀችው ሴት

ሆሳዕና ውስጥ ከእኔ የሚብስ ለፍላፊ አለ ቢሉኝ አላምንም። እንቅልፍ ወስዶኝ እንኳ ከትራሱ ጋር እንደምከራከር ባለቤቴ ምስክር ናት። እግዚአብሔርም ቀልድ ያውቃልና በእጃቸው ለሚነጋገሩ ሰዎች ጉዳይ አስፈጻሚ አደረገኝ። ሥራዬ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ፈልጎ ማገናኘት ነው።

የዚያን ቀን ጉዳይ ፍርድ ቤት ነበር። ባለጉዳይዋ ከሆመቾ አካባቢ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ መስማትም መናገርም አትችልም። የባሏ ወንድም «ጓሮውን በፈቃዷ ለቃልኛለች» ብሎ አመልክቷል። ጓሮው ማለት እንሰቷ ነው። እሱን ካጣች ልጆቿን ይዛ መግቢያ የላትም።

እኔ ታዲያ ከዱራሜ አንደኛ የተባለውን አስተርጓሚ አስመጣሁላት። እጁ ሲንቀሳቀስ ንብ ይቀናበታል። ሴትዮዋ አብራት የመጣች፣ እንደሷው መስማት የማትችል ጎረቤት ነበረቻት። ጎረቤቷ ተከትላ ልትገባ ስትል በር ላይ አገድኳት።

«አንድ አስተርጓሚ ይበቃል፤ ችሎት ሠርግ አይደለም!» አልኩ። ለማን እንዳልኩት እንጃ። ጎረቤቷ ዘንቢሏን አንስታ ወደ ገበያ ሄደች።

ዳኛዋ ጠየቁ፤ «ጓሮውን ለባልዎ ወንድም ለመልቀቅ ተስማምተዋል?»

አስተርጓሚው በእጁ አቀረበላት። እጁን አየች፣ ዳኛዋን አየች፣ እንደ እሺታ ራሷን ነቀነቀች። ዳኛዋ ደገሙት። አሁንም ነቀነቀች። የባሏ ወንድም ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ ዳኛዋ መጻፍ ጀመሩ።

አስተርጓሚው ግን ግንባሩን ቋጥሮ አንድ ነገር በእጁ ጠየቃት። ለሦስተኛ ጊዜ ነቀነቀች።

«ክብርት ዳኛ፣ ይቅርታ» አለ። «አሁን ‹ስምሽ ማን ነው?› ነበር ያልኳት። ምንም አልገባትም።»

ያኔ ገና ገባኝ። ሴትዮዋ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ያላት ከቤተሰቧና ከጎረቤቷ ጋር ያበጀችው የራሷ የእጅ ንግግር ነው፤ የምልክት ቋንቋ የተማረችው ያቺ በር ላይ ያገድኳት ጎረቤቷ ናት። «ባለጉዳዩ ተምሯል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ እያልኩ ዓለምን ስሰብክ ኖሬ፣ ራሴ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

«ክብርት ዳኛ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» አለ የባሏ ወንድም ብድግ ብሎ። «እኔው ላስተርጉምላት።»

«ጅብም ለአህያ አስተርጓሚ ሊሆን!» አመለጠኝ።

«ሰውዬ! ችሎት ነው!» አሉ ዳኛዋ። ቀጥለው አስተርጓሚው ጎረቤቷ መሃል ገብታ ብታስረዳት እንደሚሻል ሲነግራቸው ሰሙና፣ «ቀጣዩ መዝገብ እስኪያልቅ ጎረቤቷ ትምጣ። ካልመጣች በያዝነው እንቀጥላለን» አሉኝ።

ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ገበያው የኢትዮጵያ ሕዝብ በሙሉ የተጠራበት ይመስላል፤ ሁሉም ሴት ሻሽ አስራለች። ስሟን ልጥራ? ብጠራውስ? አንዱ የድንች ጆንያ ላይ ወጣሁና ባለ በሌለ ድምፄ ጮህኩ፤

«ሌባ!»

ገበያው ግልብጥ ብሎ ዞረ። በጎቹም የዞሩ መሰለኝ። አንዲት ሴት ብቻ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ሽንኩርት ትመርጣለች።

«የታለ ሌባው?» አለኝ አንዱ ዱላውን አንስቶ።

«እኔ ነኝ! አድርሻት ልመለስ!» ብዬ ሮጥኩ። ትከሻዋን ስነካት ፊቴን አይታ ሽንኩርቱን ጣለችው።

ስንደርስ የሌላው መዝገብ ባለጉዳዮች እየወጡ ነበር። ዳኛዋ ለአስተርጓሚው፣ አስተርጓሚው ለጎረቤቷ፣ ጎረቤቷ ለሴትዮዋ። ጥያቄው መጨረሻ ሲደርስ የሴትዮዋ ፊት ተለዋወጠ። አልነቀነቀችም። ጎንበስ ብላ መሬት ጫረች፤ ወገቧን፣ ከዚያ ከራሷ በላይ ያለውን አየር በእጇ ለካች፤ ደረቷን መታች።

መልሱ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። «እንሰቱን የተከልኩት እኔ ነኝ። ባሌ ሲሞት እወገቤ ይደርስ ነበር፤ ዛሬ ከራሴ በልጧል። ለማንም አልለቅም።»

የባሏ ወንድም ወለሉን ያይ ጀመር።

«ታዲያ ቅድም ለምን ነቀነቁ?» አሉ ዳኛዋ።

ይሄኛው ጥያቄ ሄዶ እስኪመለስ ረዘመብኝ። አስተርጓሚው ወደ ዳኛዋ ዞረ።

«‹ስነቀንቅላቸው ሰዎች ይተዉኛል› ትላለች።»

ዳኛዋ ቀድሞ የጻፉትን መስመር ሰረዙት። እኔም፣ ባለቤቴ ብትሰማ አታምንም እንጂ፣ የምለው ጠፋኝ።