የባልዲው ኮት

ተመርጫለሁ። ክረምት ላይ ደብረ ብርሃን ለሚሰጠው የድርሰት ሥልጠና ከድሬዳዋ ከሚሄዱት ተማሪዎች አንዷ እኔ ነኝ። የአማርኛ መምህራችን ዜናውን የነገሩኝ ከክፍል ስወጣ በር ላይ ነው። «አንቺ የሰልባጅዋ ልጅ፣ ጽሑፍሽ አልፏል፤ ሻንጣሽን አዘጋጂ» ብለውኝ ሄዱ። የሰልባጅዋ ልጅ ያሉኝ ድርሰቴ ስለ ሰልባጅ ስለነበር ነው። እኔ እዚያው በሩ መሀል ቆሜ ለብቻዬ ስስቅ፣ ከኋላዬ መውጫ ያጡት ልጆች «አቦ፣ ወይ ውጪ ወይ ግቢ» ይሉኛል።

ድርሰቱ ላይ የጻፍኩት የማውቀውን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከእናቴ ጋር የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን መጋላ ገበያ እንሄዳለን። ከውጭ ተጠቅጥቆ የመጣው የልብስ ቦንዳ ተፈትቶ ሸራ ላይ ሲበተን፣ ከውስጡ ምን እንደሚወጣ ሻጯ ራሷ አታውቅም። ይሄ ነው እኔን የሚገድለኝ። ቡቲክ ውስጥ የተሰቀለ ቀሚስ ወንድሞቹ ሁሉ አጠገቡ ተሰቅለዋል፤ ሰልባጅ ግን እያንዳንዱ ብቻውን ነው የመጣው። አንገቱ ውስጥ በእስክሪብቶ የሕፃን ስም የተጻፈበት ሹራብ አግኝቻለሁ። ኪሱ ውስጥ የደረቀ ቅጠል የቀረበት ሱሪ አግኝቻለሁ፤ ቅጠሉ የእኛ አገር ዛፍ አይደለም። አንድ ሸሚዝ ደግሞ ነበረኝ፣ ቁልፎቹ ብርሃን ሲመታቸው ሮዝም ሰማያዊም የሚሆኑ። ሸሚዙ ካለቀ ቆይቷል፤ ቁልፎቹ ግን ዛሬም ዩኒፎርሜ ላይ አሉ።

እናቴም ከእኔ አትሻልም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊ ናት። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ኪስ ስትገጥም ትከርምና፣ ቅዳሜ የማታውቀውን ሰው ስፌት ገልብጣ ለማየት ከእኔ ቀድማ ጫማዋን ታደርጋለች።

ዜናውን ስነግራት አቀፈችኝ፤ ሳመችኝ፤ ከዚያ «ደብረ ብርሃን?» አለችና ለቀቀችኝ። ሕፃን ሆኜ ሳንባዬን ታምሜ ነበር። እኔ አላስታውሰውም፤ እሷ ግን ሆስፒታል ወንበር ላይ ያደረችበትን ጊዜ አልረሳችውም። ዛሬም ትንሽ ባስል ደረቴን ትዳስሳለች።

«ወፍራም ኮት ካገኘን ትሄጃለሽ» አለች። «ካላገኘን የለም።»

እስቲ ድሬ ውስጥ ኮት ያለው ሰው ፈልጉ። ጎረቤታችን ለሠርጉ ያሰፋው የሱፍ ኮት አለው፤ እሱም የለበሰው ፎቶ እስኪነሳ ነው። አጎቴ ሁርሶ የጦር ካምፕ የሚያውቀው ወታደር እንዳለ ነገረንና፣ ወታደር ኮቱን ለሰው እንደማያውስ ራሱ አስታውሶ ተወው። የቀረን ሰልባጅ ነው።

ሁልጊዜ የምንገዛት ሴትዮ መጋላ ውስጥ ሸራ ወጥራ የምትሸጥ ናት። ሰው ሁሉ ኤዶ ይላታል፤ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ኤዶ ቦንዳ ስትፈታ ስስ ቀሚስ ከወጣ ትዘፍናለች፣ ኮት ከወጣ ፊቷ ይጠቁራል። እኛ የደረስነው ኮቱን ወደ ደጋ የሚወስዱት ነጋዴዎች ጠራርገው ከሄዱ በኋላ ነው።

«ዛሬ ኮት ፈላጊ ሆናችሁ መጣችሁ?» አለች። «ያማችኋል?»

«ልጄ ብርድ አገር ልትሄድ ነው፣ ኤዶ።»

«ምን አጥፍታ?»

የተረፈውን እየገለበጥን ሳለ እጄ የሆነ ለስላሳ ነገር ነካ። ሳብኩት። አረንጓዴ የከፋይ ጃኬት ነው። አረንጓዴ ስላችሁ የቅጠል አይደለም፤ የጠርሙስ ነው፣ ጥልቅ ያለ። ቁልፎቹ ብር የሚመስሉ፣ ትከሻው ለእኔ የተለካ። ለበስኩት። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ስፌቱን እንኳ ሳትገለብጥ። እናቴ ስፌት ካልገለበጠች ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

«ፀሐይ ላይ ውጪ» አለችኝ።

እኛ ልብስ የምንፈትነው እንዲህ ነው። ትለብሺዋለሽ፣ ከሸራው ጥላ ወጥተሽ ፀሐይ ላይ ትቆሚያለሽ፤ ካላላበሽ ልብሱ ጥሩ ነው። ወጥቼ ቆምኩ።

«አላበሽ?»

«ምንም።»

«ማሻአላህ» አለች ኤዶ። «ነፋስ ያስገባል። እኔ መጥፎ ነገር አልሸጥም፣ ወላሂ።»

አጠገባችን ቀሚስ የምትመርጥ ሴትዮ እጅጌውን ዳሰስ አደረገችው። «እውነትም ቀላል ነው። ውሰጅላት፣ እህቴ።»

እናቴ ቦርሳዋን ከፈተች። እኔ በልቤ ደብረ ብርሃን ደርሼ፣ በአረንጓዴው ጃኬት ቆሜ ድርሰቴን እያነበብኩ ነው። ግን ሰውነቴ ቅልል ማለቱ ራሱ አስጠረጠረኝ።

«እማ» አልኩ። «ድሬ ፀሐይ ላይ ያላሞቀኝ ነገር፣ ደብረ ብርሃን ላይ ምን ያደርግልኛል?»

እናቴ ጃኬቱን አየችው፤ ኤዶ እናቴን አየቻት። ከዚያ ቀሚስ መራጯ ሴትዮ ሳቋ አመለጣት፤ ኤዶም ያዘችውን ልብስ ጥላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ነፋስ የሚያስገባ ብዬ ላስገድልሽ ነበር» አለች እናቴ። እሷ አልሳቀችም፤ ቦርሳዋን ዘጋችው።

ጃኬቱን ማውለቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። አጣጥፌ አስቀመጥኩት፤ ተመልሼ ደግሞ አጣጥፌ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ሕጉን ገለበጥነው፤ ቶሎ ያላበኝ ያሸንፋል። የቀሩትን ጃኬቶች ተራ በተራ እየለበስኩ ፀሐይ ላይ እቆማለሁ፣ ሴቶቹ ግንባሬን ያዩታል። አንዱ ለትንሽ ልጅ የተሠራ ነው፤ አንዱ የዝናብ ነው፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል እንጂ አያሞቅም። መንገዱ የተዘጋበት የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ እናቴን «እህት፣ ልጅቷን በድስት ብትከቻት አይሻልም? ቶሎ ትበስላለች» አላት።

«አንተ መንገድህን እይ» አለችው ኤዶ። «የአንተ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠማ በስሎ ነው የሚወርደው።»

ሁሉንም ጨረስን። አንድም የሚሆን የለም። እናቴ የተገለባበጠውን ክምር ማስተካከል ጀመረች፤ ቀስ ብላ «ለከርሞም ይጠሩሻል እኮ» አለችኝ። ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ። እናቴ ስትቆጣ መከራከር ይቻላል፤ እንዲህ ለስለስ ስትል ግን ነገሩን ዘግታዋለች።

ኤዶ ፊቴን አየች መሰለኝ፣ «ነይ አባዮ፣ ነይ እህቴ፣ ውሃ ጠጪ» አለችና ኩባያ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ጥርሴን አመመኝ። እኩለ ቀን ነው፤ ሸራው ሥር እንኳ አየሩ ያቃጥላል፤ ውሃው ግን አሁን ከፍሪጅ የወጣ ይመስላል። ወደ ባልዲው ጎንበስ ስል ጠዋት የጨመረችው በረዶ ገና እየተንሳፈፈ ነው።

ያን ጊዜ ነው ባልዲውን በደንብ ያየሁት። ባልዲው ለብሷል። ቡናማ፣ ወፍራም፣ የወንድ ኮት ነው፤ እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ እጅጌዎቹ ፊት ለፊት ተቋጥረው፣ ብርድ የያዘው ሽማግሌ መስሎ ጥግ ተቀምጧል። ስንት ቅዳሜ ከዚያ ባልዲ ጠጥቼ አላየሁትም።

«ኤዶ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የውሃዬ ኮት ነዋ። የሚገዛው ጠፋ፤ እኔም ባልዲውን አለበስኩት።»

«እማ፣ ነይ ንኪው። የድሬን ሙቀት አላስገባም ካለ፣ የእኔንም ሙቀት አያስወጣም።»

እናቴ መጣች። ኮቱን ነካችው፤ ከዚያ ጠርዙን ገለበጠች፤ ስፌቱን አየች፤ ገበሩን በጣቶቿ አሸች። ቀና ስትል ፊቷ ተቀይሯል።

«ስንት ነው?»

«አይሸጥም» አለች ኤዶ። «ሰው እኔ ጋ ለልብስ ብቻ የሚመጣ ይመስልሻል? ለውሃው ነው። ውሃዬ ከሞቀ ገበያዬ ቀዘቀዘ።»

«ልጄ የምትቀረው ባልዲ እንዳይበርደው… ማለቴ እንዳይሞቀው ነው?»

«ባልዲው እኔን ያበላኛል። ልጅሽ ምን ታበላኛለች?»

እናቴ ባልዲውን በእጇ ዙሪያውን ለካችው። «ከእነዚህ ከማይሸጡት ጃኬቶች ስጪኝ። ደራርቤ፣ መሀሉን ሞልቼ፣ ለባልዲሽ በልኩ እሰፋለታለሁ። ክዳኑም ይለብሳል። ይሄ ኮት እኮ ከላይ ክፍት ነው፣ ብርዱ በአናቱ ነው የሚወጣብሽ።»

ኤዶ አሰበች። «ኪስ ይኑረው።»

«ባልዲ ኪስ ምን ያደርግለታል?»

«ለኩባያው ነዋ።»

እናቴ እሑድን ሙሉ ሰፋች። ኪስ መግጠም የሰለቻት ሴት የባልዲ ኪስ ስትገጥም ታንጎራጉር ነበር። ልብሱን ስንወስድላት ኤዶ አላመነችንም፤ በረዶ ጨምራ፣ ከድና፣ እስከ ከሰዓት አስቀመጠችን። ክዳኑን ስታነሳ በረዶው አለ። ያኔ ቡናማውን ኮት በእጇ ሰጠችኝ፤ የእናቴ ስፌት ዋጋው ነው ብላ ሌላ ነገር አልተቀበለችም።

ቆንጆ አይደለም። እጅጌው ጣቶቼን ይውጣል፤ ቁመቱ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ይደርሳል፤ ታጥቦም ትንሽ ባልዲ ባልዲ ይሸታል። በግራ ኪሱ አንድ የሱፍ ጓንት አገኘሁ፣ አንድ እጅ ብቻ። ይሄ ኮት ሰው ሲያሞቅ የኖረበት አገር አለ ማለት ነው፤ እኛ ጋ መጥቶ ውሃ አቀዘቀዘ፤ አሁን ደግሞ ወደ ሥራው ሊመለስ ነው። ድርሰቱን ከላክሁ በኋላ ባላገኘው ኖሮ እዚያም አስገባው ነበር።

ፀሐይ ላይ ወጣሁ። ገና ሳልቆም ላበኝ። እናቴ እጇን አንገቴ ሥር አስገብታ እርጥበቱን ዳሰሰችና «ትሄጃለሽ» አለች።

ኤዶ ኩባያዋን አዲሱ ኪስ ውስጥ እያስገባች «የጻፍሽው ላይ እኔም አለሁ?» አለችኝ።

«አለሽ።»

«እንግዲያው ያነበበው ሁሉ ቅዳሜ ይምጣ በያቸው። ጠዋት ቦንዳ እፈታለሁ። ባይገዙም ውሃ ይጠጣሉ።»

ይኸው ብያችኋለሁ። ደቻቱን ተሻገሩ፣ መጋላ ግቡ፣ ባለ ኪሱን ባልዲ ጠይቁ፤ ያሳዩአችኋል። ክምሩ ውስጥ እጃችሁን ስትከቱ አረንጓዴ ከፋይ ቢነካችሁ ግን፣ እኔ እስክመለስ ከሥር ሸሸግ አድርጉልኝ፤ እሱ ለድሬ የተሠራ ነው።