ሰርግ ያልጠበቀ እልልታ

ዛሬ ጠዋት ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚወስደውን ዳገት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቆም ሮጬ ወጣሁት። ወራት ሙሉ ሲያሸንፈኝ የከረመ ዳገት ነው። አናቱ ላይ ደርሼ በሁለት እጄ ጉልበቴን ይዤ ሳለከልክ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ሩጫዬን የሚለካው ስልክ "ቲን" አለ። ሳወጣው መስታወቱ ላይ ቀለማ ቀለም ወረቀት እየተበተነ "እንኳን ደስ አለዎት" ይለኛል። መልሼ ኪሴ ከተትኩትና የሚቀጥለውን ዳገት በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ። እኔ እንዲህ ነኝ፣ አንድ ቦታ መርጋት አልችልም። ቢሮ ውስጥ እግሬ ጠረጴዛ ሥር ሲንቀጠቀጥ የሚያዩ ባልደረቦቼ "የቱ ሚኒባስ ሊያመልጥሽ ነው?" እያሉ ያሾፉብኛል። ዛሬ ግን ያቺ ቀጭን "ቲን" አላስኬድ አለችኝ። እንዲህ ላለው ነገር ሌላ ድምፅ አውቅ ነበር።

እትዬ ዘነበች ሲቀላ ሳለን ጎረቤታችን ነበሩ። አጥራችን አንድ ነው። ከዶርዜ የወረዱ ሰዎች ናቸው፤ ባላቸው ሸማኔ፣ እሳቸው ፈታይ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሐይቁ የሚመጣው ሙቅ ነፋስ የበሰለ ሙዝ ሽታ ይዞ ይቀበለኛል፤ ከአጥሩ ማዶ የመወርወሪያው ቷ ቷ ይሰማል፤ እሳቸው ደግሞ እግራቸውን ዘርግተው እንዝርት ያሾራሉ። ይህ ሁሉ በማንም ቤት ያለ ነው። የእሳቸው ልዩ የሚሆነው እልልታቸው ነበር። ባላቸው የጀመረው ጋቢ ግማሽ ሲደርስ፣ እልል። ባለሱቁ የተንጋደደ በሩን ሲያቃና፣ እልል። እኔ የኪራይ ብስክሌት ላይ ሳልወድቅ እስከ ቦኖ ውሃው ስደርስማ እልልታውን አቀለጡት፤ ደንግጬ ወደቅሁ። እልልታ የሰርግና የልደት ነው፣ እንዲህ አይባክንም የሚሏቸው ሴቶች ነበሩ።

"ሰርግ እስኪመጣ ብጠብቅ ጉሮሮዬ ይዘጋል" ይመልሱላቸዋል እሳቸው።

በዚያን ጊዜ ነው አባቴ የተገለበጠው። አዲስ አበባ ሙዝ የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር ነበር፤ መኪናው ሳይቆም ዘሎ የሚወርድ፣ ምሳውን ቆሞ የሚበላ ሰው። ምዕራብ ዓባያን አለፍ ብሎ መኪናው ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ሐኪሙ አጥንቱ ገጥሟል፣ ከእንግዲህ መድኃኒቱ መራመድ ነው ብሎ ሸኘው። እሱ ግን እያነከሰ ሰፈር ፊት መታየት ሞት ሆነበት። ጠያቂ ሁሉ እየመጣ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሲለው "እንቁላል ሹፌር አይደለም!" ብሎ ይጮህበታል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጣቱን ሲያስጮህ ይውላል። "ከዚህ በር ካልወጣ ቤት ውስጥ ያልቅብኛል" ስትል እናቴ ለእትዬ ዘነበች ስትነግራቸው ሰምቻለሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዘነበች እንዝርታቸውን ይዘው አጥሩ ሥር ተተከሉ። አባቴ ከወንበሩ ሲነሳ፣ እልል። ደጃፉን ሲረግጥ፣ እልል። አማርኛቸው ወንዱንም ሴቱንም አንድ ያደርግ ስለነበር "ጎበዝ ናት ታደሰ! ዛሬ ደረጃ ወረደች!" እያሉ ይጮሃሉ።

"እትዬ፣ እባክዎ! ሰው ምን ይላል?" ይላል አባቴ።

"ሰው? ሰው እልል ይላላ!"

አንድ ጠዋት አባቴ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እስከ ማንጎው ዛፍ ሄደ። ያለ ምንም ድጋፍ። እትዬ ዘነበች ያን ቀን ልክ አጡ፤ እልልታው አላቆም አለ። ለካ የልጃቸው ሚስት አስቴር ወሯ ገብቶ ኖሯል። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠብቀው እሷን ነው። ሴቶቹ የገብስ ዱቄት የያዘው ዱቄት፣ ቅቤ የያዘው ቅቤ፣ አንዷም ድስቷን አንጠልጥላ እልልታውን ተከትለው እየሮጡ በእኛ በር ገቡ። አባቴ ባለመስመር ፒጃማውን ለብሶ፣ በአንድ እጁ የማንጎውን ግንድ ይዞ፣ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ቆሟል። ክራንቹ ሩቅ ነው፤ መሸሻ የለውም።

"ወለደች?" አለች ባለ ድስቷ።

ሊሳደብ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አባቴ ጢሙን ዳሰሰ።

"ወንድ ነው" አለ። "ጢም አብቅሎ ነው የመጣው።"

ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ገንፎው እዚያው ማንጎው ሥር ተገነፋ፣ ተበላም። አስቴር ብቻ የራሷን ገንፎ ስለበሉባት አኮረፈች። አባቴ ግን ከማንጎው አላለፈም። የውጭውን በር ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። ሰፈሩም ብልጥ ሆነ፤ እልልታ ሲሰማ "ታደሰ ነው" ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል።

አንድ ከሰዓት፣ ዝንብ እንኳ በማይንቀሳቀስበት ሙቀት፣ የእትዬ ዘነበች እልልታ ተሰማ። እናቴ ገበያ ሄዳለች። አባቴ ወንበሩ ላይ ነበር፤ እኔ አጠገቡ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ተያየን።

"እኔ ዛሬ አልተነሳሁም" አለ።

የማንም እግር ኮቴ አልተሰማም። እልልታው ደገመ፤ አሁን ቀጥኗል፣ የት አላችሁ የሚል ይመስላል። ከመንገዱ ማዶ ባለሱቁ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ጋሽ ታደሰ፣ እንኳን ደስ ያለህ!" አለ። ሌላም ሰው ደገመለት። እሱ ካልተነሳ አስቴር ወልዳለች ማለት ነው፤ ሰፈሩ ግን አባቴን እንኳን ደስ ያለህ ይላል። ይህን የሚያውቅ ከእኔና ከእሱ በቀር ሰው አልነበረም። እኔ ልሮጥ ብድግ ስል ክንዴን ያዘኝ።

"የገንፎ ዱቄቱን አምጪ።"

ዱቄቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ክራንቹን ያዘና የውጭውን በር ከፈተ። እንዴት ያነክስ ነበር! ፀሐዩ አናቱ ላይ፣ ላቡ ጢሙ ላይ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ሄደ። ባለሱቁ ሚዛኑን እንደያዘ ወጣ። ጀበና የምታጥበው ሴት ቀና አለች። የሚስቅ አልነበረም። እትዬ ዘነበች ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሲመጣ አዩት፤ አፋቸውን ከፈቱ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። እንባቸው ቀደመ። ያ ሁሉ እልልታ የወረደለት አባቴ ዝምታው ከበደው መሰለኝ፣ በዚያ ጥሩምባ በሚያክል የሹፌር ድምፁ "እልልልል!" አለ። ከባለሱቁ ቤት አንዲት ሴት ተቀበለች። ከዚያ ሰፈሩ ተከተለ፤ ለልጁም ለእግሩም፣ ማን ይለየዋል። አስቴርም ገንፎዋን በላች።

አባቴ ኋላ መሪ ጨበጠ። እትዬ ዘነበች አርፈዋል። እንዝርት የሚያሾሩበት ቦታ ላይ የተማሪዎች ኪራይ ቤት ተሠርቶበታል። ደሞዜ ሲጨመር፣ እድገት ሳገኝ፣ ልቤ ቀድሞ ሌላ ነገር ያሳድዳል፤ ደስታ በሬን አንኳኩቶ እኔን እያጣኝ የሚመለስ ይመስለኛል። እትዬ ዘነበች ናፍቀውኛል።

እዚያው ዳገቱ አናት ላይ ግራ ቀኝ አየሁ። አንድ ባጃጅ አለፈ። ምላሴን አላቅቄ ሞከርኩት፤ መጀመሪያ ሳል ሆነ፣ ሁለተኛው ተሰነጠቀ፣ ሦስተኛው ወጣ። አፈርኩና አፌን ያዝኩ። ያኔ ከመንገዱ በታች፣ ከማላውቀው ግቢ፣ አንዲት ሴት ምን ተገኘ ሳትል እልልታውን ተቀብላ አቀለጠችው።

ገንፎ ጥዳም ከሆነ፣ ይቅር ትበለኝ።