ጅብራውን የቆረጠው እጅ

ጓደኛዬ የጉና ጥብቅ ስፍራ ጠባቂ የሆነው ተራራ ስለሚወድ ነው ይላሉ። ሐሰት ነው። በወጣትነቱ ተራራ ለእሱ ቶሎ ወጥቶ ማዶ የሚወርድበት እንቅፋት ነበር። የሚወደው መንገድ ነው። ከደብረ ታቦር እብናት በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ሚኒባስ ቆሞ ሲጠራው “የሰነፍ ነው፣ ሂድ!” እያለ።

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ የጦስኝ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ያ ቀን መጣብኝ።

እኔና እሱ ተማሪዎች ነበርን። ጦስኙን እየረገጥን ጉና ወጣን። ጭጋጉ ሲገለጥ ከእኛ ቁመት በላይ የቆመ ጅብራ አየን። ጅብራ ለብዙ ዘመን ቆይቶ አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል። ያን ጊዜ አላውቅም፤ ባውቅም አልተውም ነበር። ገጀራዬን አወጣሁ። ለምን? ረጅም ስለነበረ።

“ተው፣ አትቁረጥ። ምን አደረገህ?” አለኝ።

“ፈራህ እንዴ? ይልቅ ደግፈህ ያዘው።”

ያዘው። ስመታው ግንዱ እንደ ከበሮ ጮኸ፤ የሚያቃጥል ነጭ ወተቱ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሲጮህ ሳቅሁ፤ የሚቀልድ መስሎኝ።

“ውሃ! ውሃ!”

ኮዳው ባዶ ነበር። የመጨረሻዋን የጠጣሁት እኔ ነኝ። እጁን ይዤ እስከ ምንጩ ወረድን፤ ዓይኑ ግን አልተረፈም።

በአንድ ዓይን ቁልቁለት አልሆንለት አለ፤ የድንጋዩን ቅርብና ሩቅ መለየት አቃተው። አገር ያቋርጥ የነበረው ሰው አንድ ተራራ ላይ ቀረ። ጅብራና የጓሳ ሣር ይጠብቃል። እኔ ከተማ ገብቼ ስለ ሕሊና መጣጥፍ እጽፋለሁ።

ሻዬን ሳልጨርስ እናቱ ገቡ፤ ከገሳይ ለገበያ መጥተው። ብድግ ብዬ “እንዴት ሰነበቱ?” አልኳቸው። እጄን ያዙኝ።

“ተባረክ ልጄ። ያን ቀን ‘ተው፣ አትቁረጥ’ ብለህ ለምነኸው ኖሯል። ራሱ ነው የነገረኝ። የእኔ ግትር ግን መቼ ሰው ይሰማል! በገዛ እጁ ዓይኑን አጠፋ።”

ጥፋቴን እንደደበቀልኝ አውቅ ነበር። የራሱን ቃል ለእኔ ሰጥቶ በእናቱ እንደሚያስመርቀኝ ግን በሕልሜም አላሰብኩም።

“አሜን” አልኳቸው።

ወደ ገሳይ የምታልፉ ከሆነ፣ የጉናው ጠባቂ እናት ብላችሁ ጠይቁና ይህን አንብቡላቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ እኔ ደግሞ አልደፈርኩም።