ጣቴ ቫኪዩሙ ውስጥ እያለ መብራት መጣ

"መጣ!" ብለው የግቢው ልጆች ሲጮኹ ሁለት ጣቶቼ የቫኪዩም ክሊነር ማራገቢያ ውስጥ ነበሩ።

አሁን ነው የሆነው።

ለማታውቁኝ፣ ሰው የጣለውን ቫኪዩም ከቁራሌው እየገዛሁ ነፍስ እንዲዘራ ማድረግ ሱሴ ነው። የዛሬውን ያገኘሁት ጦር ኃይሎች ነው። በረንዳ ላይ እየሞከርኩት ሳለ መብራት ጠፋ። እስኪመጣ ብዬ ፈታሁትና ማራገቢያው ላይ የተጠመጠመውን ፀጉር በጣቴ መጎርጎር ጀመርኩ። ማብሪያውን አላጠፋሁም። ገመዱም ከአከራዬ ከእትዬ አስካለ ሳሎን እንደተሳበ ነው።

"መጣ!" ሲሉ እጄን መሳብ አቃተኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

የጎረቤት ቴሌቪዥን መጮህ ጀመረ። ማራገቢያው ግን አልዞረም።

እትዬ አስካለ በመስኮት ብቅ አሉ። "ይሄን ኮተት ከግቢዬ አውጣልኝ" እያሉ ጠዋት ማታ የሚጨቀጭቁኝ እሳቸው ናቸው።

"እትዬ፣ እርስዎ ነዎት የነቀሉት?"

"መብራት ሲጠፋ ያልነቀልኩበት ቀን አለ? ሲመጣ ማሽንህን አቃጥሎብህ እንዳታለቅስ ብዬ ነው።"

ለማሽኑ አዝነው! ጣቶቼ የት እንደነበሩ ሳሳያቸው በመስኮቱ እጃቸውን ሰደው ጣቶቼን አንድ በአንድ ቆጠሩ።

እናንተንስ ሳያውቅ ያተረፋችሁ ሰው አለ? ጻፉልኝ፤ በአሥሩም ጣቴ እመልስላችኋለሁ።